ለአንድ ሰው አንድ ጭብጥ፦ የበዓል ድፎ ከቆጠራ እስከ ቆረሳ

እምዬ ለበዓል ዳቦ ልትደፋ ስትነሳ ቶሎ ወደ ዱቄቱ አትሄድም ነበር። እምዬ የምላት አያቴን ነው። ቡሃቃውን አጥባ ፀሐይ ላይ ትደፋውና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ በጣቷ ትቆጥራለች። «እኛ ስምንት። እነ ወንድሜ ስድስት። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት አምስት። እነ ሐጂ ሰባት። የንስሐ አባቴ አንድ። ባለሱቁ አንድ። ዘበኛው አንድ።» ሃያ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ትንሽ ዝም ትልና «እንግዳ አይታወቅም» ብላ ሠላሳ ትሞላለች። የዱቄቱን ከረጢት የምትፈታው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጭብጥ እየዘገነች ወንፊቱ ላይ ትጥላለች።

ካደግሁ በኋላ አንድ ዋዜማ ላይ የኩሽና ሚዛን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። አንዱ ጭብጥ 65 ግራም መዘነ፣ ሌላው 70። ሠላሳው ሲጠራቀም 2 ኪሎ ሆነ። እሷ ሳቀችብኝ፤ «ዳቦ በሚዛን የሚሸጠው ሱቅ ነው» አለች። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የተነሳው የዚያን ቀን ከጻፍኩት ማስታወሻ ነው። በኋላ በከሰልም፣ በኤሌክትሪክ ምጣድም፣ በኦቨንም ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።

ከበዓሉ ማዕድ ሁሉ ድፎን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ዶሮ ወጡ ከክርስቲያን ቤት ወጥቶ ሙስሊም ጎረቤት ቤት አይገባም፤ የአረፋው ሥጋም እንዲሁ ወደዚህ አይሻገርም። ጠላና ጠጁ ከማይጠጣ ሰው ደጅ ይመለሳል። ቅቤ የነካው ለሚጾም አይቀርብም። ድፎ ግን ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይትና ቅመም ብቻ ስለሆነ የማያንኳኳው ደጅ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ወተት፣ ቅቤ ወይም እንቁላል አትጨምሩበት። ለራሳችሁ ቤት ይጣፍጥ ይሆናል፤ የሚዳረስበትን ቤት ግን ያጠብባል።

አንደኛ፦ ሰው ቁጠሩ

ወረቀት ያዙና የሚቀምሱትን ሁሉ በስም ጻፉ። ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ዘበኛ፣ በዓሉን ብቻውን የሚውል ጓደኛ። መጨረሻ ላይ ላልታወቀው እንግዳ አንድ ጨምሩ። ለአንድ ሰው 65 ግራም ያህል ዱቄት ያዙ፤ ይህም ከተጋገረ በኋላ 100 ግራም የሚጠጋ ቁራሽ ይሆናል። አሥራ አምስት ሰው ከሆነ 1 ኪሎ፣ ሠላሳ ከሆነ 2 ኪሎ ዱቄት ይበቃል ማለት ነው። ቤቱ ልጆች ካሉበት ሁለት ሦስት ጭብጥ አክሉ፤ ምክንያቱን ወደ ታች አነሳዋለሁ።

ሁለተኛ፦ የሚያስፈልገውን አሰናዱ

ለሠላሳ ሰው የሚበቃው መጠን ይህ ነው፦

- የስንዴ ዱቄት 2 ኪሎ፤ አንድ ኪሎ ተኩሉ ፉርኖ፣ ግማሽ ኪሎው ወፍጮ ቤት የተፈጨ ቢሆን ጣዕሙ ይሻላል
- ለብ ያለ ውኃ 1.3 ሊትር ያህል
- ደረቅ እርሾ 14 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ግድም
- ጨው 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ሙልት ብሎ ያልተቆለለ
- ስኳር 3 የሾርባ ማንኪያ
- ዘይት 1 የሻይ ብርጭቆ፣ 100 ሚሊ ሊትር ያህል
- ጥቁር አዝሙድ ሳይፈጭ 1 የሾርባ ማንኪያ
- ድንብላል ታምሶ የተፈጨ 1 የሾርባ ማንኪያ
- ኮረሪማ ተፈልፍሎ የተፈጨ 1 የሻይ ማንኪያ
- ነጭ አዝሙድ ደቀቅ ያለ 1 የሻይ ማንኪያ
- የኮባ ቅጠል ከ3 እስከ 4፣ እንደ ስፋቱ

ነጭ አዝሙዱ ላይ እጃችሁን አትፍቱ፤ ሲበዛ ይመራል፣ የሌላውንም ቅመም ሽታ ይውጣል። ድንብላሉን ግን ዋዜማውን አምሳችሁ በዚያው ቀን ፍጩት። ተፈጭቶ የከረመ ድንብላል ሽታውን ዕቃው ላይ ትቶ የመጣ ነው።

ሰዓት አከፋፈሉን ለሚፈልግ፦ ለበዓሉ ጠዋት እንዲደርስ በዋዜማው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሩ። 4 ሰዓት ላይ ቦክቶ ያልቃል፣ 6 ሰዓት ላይ ኩፍ ይላል፣ 7 ሰዓት ላይ ምጣድ ይገባል፣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። ከሰዓት በኋላው ለዶሮው ነፃ ይሆንላችኋል።

ሦስተኛ፦ እርሾውን ቀስቅሱት

ከውኃው ሁለት ብርጭቆ ቀንሳችሁ ለብ አድርጉ። መለኪያው የእጅ አንጓ ነው፤ ጠብ ስታደርጉበት ሕፃን ሊታጠብበት የሚችል ሙቀት ይኑረው። ካቃጠላችሁ እርሾውንም ይገድለዋል። ስኳሩንና እርሾውን ጨምራችሁ አማስሉና 10 ደቂቃ ተዉት። አረፋ ከሠራ ሕያው ነው። ካልሠራ ዱቄቱን ሳታበላሹ ሌላ እርሾ ግዙ።

የቤት እርሾ የምትመርጡ ከሆነ ከአምስት ቀን በፊት አንድ ብርጭቆ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጡና ክደኑት። በየቀኑ አንድ ጭብጥ ዱቄትና ትንሽ ውኃ እየጨመራችሁ አማስሉት። አረፋ ሲያወጣና ደስ የሚል የኮመጠጠ ሽታ ሲሰጥ ደርሷል። በዚህ እርሾ የተቦካ ሊጥ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ማታ አቡክታችሁ ጠዋት ትጋግራላችሁ። ጣዕሙ ግን ለጥበቃው ይክሳል።

አራተኛ፦ አቡኩ

ዱቄቱን ሰፊ ዕቃ ውስጥ ንፉ። ጨውና ቅመሙን ከዱቄቱ ጋር አዋህዱ። ጨውን በቀጥታ እርሾው ላይ አታፍስሱ፤ ያዳክመዋል። መሐሉን ጎድጎድ አድርጋችሁ እርሾውን ጨምሩ፣ ከዚያ የቀረውን ውኃ በትንሽ በትንሹ። አንድ ብርጭቆ ያህል ለመጨረሻው አቆዩ። ዱቄት ሁሉ ውኃ የሚጠጣው እኩል አይደለም፤ የወፍጮ ቤቱ ከፉርኖው ይበልጥ ይጠጣል።

የድፎ ሊጥ ከአምባሻ ሊጥ ይለሰልሳል። እጅ ላይ ትንሽ መጣበቅ አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይፈራና ዱቄት ይጨምራል፤ ደረቅ ድፎ የሚወለደው ከዚህ ፍርሃት ነው። ዱቄት ከመጨመር እጃችሁን ዘይት ቀቡ። 15 ደቂቃ ያህል እየደፈጠጣችሁ፣ እያጠፋችሁ፣ እየሳባችሁ እሹት። ዘይቱን በመሐል ጨምሩ። ትንሽ ቆንጥራችሁ በጣታችሁ ስትዘረጉት ሳይበጠስ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ በቅቶታል።

እምዬ ስታቦካ ማንም እንዲያወራት አትፈልግም ነበር፤ በመጨረሻ ሊጡ ላይ በመዳፏ ጎን መስቀል ታሳርፍና ትከድነዋለች። ሊጡ ኩፍ ሲል መስቀሉ እየሰፋ ሄዶ ይጠፋል። እኛም መስቀሉ ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት በየአምስት ደቂቃው ክዳኑን እናነሳ ነበር። ዛሬ ሳስበው ጥሩ መለኪያ ነው፤ ምልክቱ ሲደበዝዝ ሊጡ እየደረሰ ነው።

አምስተኛ፦ ኩፍ እስኪል ጠብቁ

ዕቃውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ነፋስ የማይነካው ቦታ አኑሩ። እጥፍ እስኪሆን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እመኑ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ሊጥ በቀላሉ ይነፋል፣ ያለ ዕድሜውም ሊያልፍበት ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት አንድ ሰዓት እንኳ ሊበቃ ይችላል። ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ያላችሁ ደግሞ ሊጡን ያልተለኮሰ ኦቨን ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ አስቀምጡት።

መድረሱን ለማወቅ ጣታችሁን ዘይት ነክራችሁ ውጉት። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ አልደረሰም። ቀስ ብሎ ትንሽ ብቻ ከተመለሰ ደርሷል። ሊጡ ተንፍሶ ከወደቀ አልፎበታል፤ አትደንግጡ፣ መልሳችሁ ጥቂት አሽታችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት።

ስድስተኛ፦ ኮባውን አለዝቡ

ኮባ ከበዓል በፊት በየገበያው ይገኛል። አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ወፍራሙን የመሐል አጥንት በቢላዋ አንሱ፣ ከዚያ ቅጠሉን በእሳት ላይ ፈጠን አድርጋችሁ ለብ ለብ አድርጉት። ቀለሙ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ሲታጠፍም አይቀደድም። መጥበሻው ወይም ትሪው ላይ እየደራረባችሁ አንጥፉ፤ ጫፎቹ ወደ ውጭ ተርፈው ሊጡን ከላይ መሸፈን አለባቸው። ሊጡ የሚያርፍበትን ገጽ ዘይት ቀቡ።

ኮባ ጌጥ ብቻ አይደለም። ሊጡ በቀጥታ ከብረቱ ጋር እንዳይገናኝ ይከላከላል፣ እርጥበቱን ይይዛል፣ ያንን የበዓል ሽታ የሚሰጠውም እሱ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ የእስያ ሸቀጥ የሚሸጡ መደብሮች ማቀዝቀዣ ውስጥ የሙዝ ቅጠል ታገኛላችሁ፤ ይተካዋል። እሱም ከጠፋ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ፤ ዳቦው ዳቦ ይሆናል፣ ሽታው ግን ይቀርበታል።

ሰባተኛ፦ ድፉና ጋግሩ

ለ2 ኪሎ ዱቄት 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ትሪ ይስማማል። ኦቨናችሁ ካልቻለው ለሁለት ከፍላችሁ ባለ 28 ሴንቲ ሜትር ሁለት መጥበሻ ተጠቀሙ። ሊጡን አስተኙት፣ በእርጥብ እጅ ገጹን አስተካክሉ፣ በኮባው ጫፍ ሸፍኑና ግማሽ ሰዓት ተዉት።

ከመድፋታችሁ በፊት ግን ለልጆቹ አስቡ። እምዬ ካስተረፈችው ሊጥ ላይ ለእያንዳንዳችን የጭብጥ ያህል ቆርሳ እንደ ቡሄው ሙልሙል አድቦልቡላ ቀድማ ትጋግርልን ነበር። የዚያን ትኩስ ሙልሙል እያገላበጥን፣ ጣታችን እየተቃጠለ ስንበላ ዋናውን ድፎ እንረሳዋለን። ደግነት ብቻ አልነበረም፤ መደለያም ነበር። ምጣዱን የሚከፍት ልጅ ሙቀቱን ያስወጣል።

*በኦቨን*፦ ቀድማችሁ 180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አሙቁት። ትልቁ ድፎ ከ55 እስከ 65 ደቂቃ፣ ትንንሾቹ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃሉ። መጨረሻ 15 ደቂቃ ሲቀረው የላይኛውን ኮባ ግለጡ፤ ገጹ ይቅላ።

*በኤሌክትሪክ ምጣድ*፦ የእንጀራ ሙቀት ለድፎ ይበዛል። ምጣዱ ከሞቀ በኋላ ዝቅ አድርጉት፤ መቀነሻ ከሌለው በየመሐሉ እያጠፋችሁ አብሩት። አክንባሎውን ግጠሙ። 35 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ሰፌድ ደግፋችሁ ገልብጡት፤ ከታች አዲስ ኮባ አንጥፉለት፣ ሌላ 25 ወይም 30 ደቂቃ ጨምሩ። ለመገልበጥ ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል።

*በከሰል*፦ ከታች ለዘብ ያለ ፍም፣ ከላይ በብረት ክዳኑ ላይ ሌላ ፍም። «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት» የሚለው አነጋገር ከዚህ ነው የመጣው። ምሥጢሩ የታችኛው ከላይኛው ማነሱ ላይ ነው፤ ብዙዎች ተቃራኒውን ያደርጉና ታቹ ከስሎ ገጹ ሊጥ ይሆንባቸዋል።

መብሰሉን በቀጭን ስንጥር ፈትሹ፤ መሐሉ ድረስ ሰዳችሁ ስታወጡት ደረቅ ከሆነ በስሏል። ከታች በጣት ስትመቱት እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ መስጠት አለበት።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ለትምህርት ውጭ አገር ሳለሁ የመጀመሪያውን የገና ድፎዬን ስጋግር የኮባውን ጫፍ አንጠልጥዬ ትቼው የኦቨኑን ማሞቂያ ነካ። ጭስ ወጣ፣ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ የሕንፃው ነዋሪ በሙሉ በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ወጣ። ያንን ሁሉ ሰው ሳልቆጥር ሰበሰብኩት። ማታውን ቁራሽ ቁራሽ ይዤ በየበሩ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እስከዚያ ቀን በአሳንሰር ውስጥ እንኳ የማናወራ ጎረቤታሞች ነበርን። የተረፈውን የኮባ ጫፍ በመቀስ ቁረጡ ወይም ወደ ውስጥ ቆልፉ።

ስምንተኛ፦ አሳርፉት

ትኩስ ድፎ መቁረስ ፈተና ነው፤ ከተሸነፋችሁለት ግን ዳቦው ይላቁጣል። ከመጥበሻው አውጥታችሁ ሰፌድ ላይ አኑሩት፤ ከታች አየር ካላገኘ ላቡ ተመልሶ ያረጥበዋል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተዉት። ሌሊቱን ቢያድር ይበልጥ ያምርበታል፤ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ቅመሙም ይዋሐዳል። ኮባው ላይ ተጣብቆ የቀረው ቅርፊት የጋጋሪው ድርሻ ነው። በእኛ ቤት ግን እምዬ ዞር ስትል ሁልጊዜ ተለቅሞ ይገኝ ነበር።

ዘጠነኛ፦ ባርካችሁ ቁረሱ

የበዓሉ ጠዋት ድፎው በቤቱ ታላቅ ሰው ፊት ይቀርባል። ታላቁ ይመርቃል፣ ከዚያ ይቆርሳል። በክርስቲያን ቤት የመጀመሪያው ቢላዋ በመስቀል ምልክት ይሄዳል። ታላቁ ሰው ርቆ ከሆነ ደውሉለትና በስልክ ይመርቅ፤ ቢላዋው ትንሽ ቢቆይ ምንም አይሆንም።

ሠላሳ እኩል ቁራሽ ለማውጣት ቀላል ዘዴ አለ። ባለ 40 ሴንቲ ሜትሩ ድፎ መሐል ላይ 25 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የእራት ሳህን ደፍታችሁ ዙሪያውን በቢላዋ ተከተሉት። የውስጡን ክብ 12 ቦታ፣ የውጩን ቀለበት 18 ቦታ ክፈሉ። ሁሉም ቁራሽ እኩል ይወጣል። ባለ 28 ሴንቲ ሜትር ሁለት ድፎ ከሆነ 18 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ትንሽ ሳህን ተጠቀሙና የእያንዳንዱን ውስጥ 6፣ ውጩን 9 አድርጉ። ቅርፊት የሚወድ ከውጩ፣ ጥርስ የሌለው አዛውንት ከውስጡ ይድረሰው።

አሥረኛ፦ ወረቀቱን ይዛችሁ አድርሱ

መጀመሪያ የጻፋችሁትን ዝርዝር አውጡና የእያንዳንዱን ቤት ድርሻ ከማዕዱ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ። ማዕዱ ከተጀመረ በኋላ ልለይ ያለ ሰው ጨዋታው ይይዘዋል፣ ዳቦው ያልቅበታል። ቁራሹን በኮባ ወይም በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ በልጅ ላኩ። ልጅ መላኩ ለእናንተ ማረፊያ ነው፤ ለእሱ ደግሞ የሰፈሩን ደጅ ሁሉ ማወቂያ። እኔ እነ ሐጂ ቤት የገባሁት በድፎ ነው፤ ለአረፋ የእነሱ ልጅ ሳህን ይዞ እኛ ቤት የመጣውም በዚያው መንገድ ነው።

የተረፈውን

በጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፤ ቶሎ ያደርቀዋል። ለሳምንታት ማቆየት የፈለገ ቆራርጦ በፕላስቲክ አሽጎ በረዶ ቤቱ ውስጥ ያስቀምጠው፤ ሲፈለግ ምጣድ ላይ ለብ ይበል። የደረቀውን ደግሞ ለዳቦ ፍርፍር ምንም አይቀድመውም።

የመጨረሻው ቃሌ ስለ መጠኑ ነው። እዚህ የጻፍኩላችሁ 65 ግራም የእምዬ ጭብጥ ነው። የእናታችሁ እጅ ይሰፋ ይሆናል፣ የአያታችሁ ይጠብብ ይሆናል፤ ቅመሙም በየቤቱ ይለያያል። በሕይወት ካሉላችሁ በሚመጣው ዋዜማ ሚዛንና እስክሪብቶ ይዛችሁ አጠገባቸው ቁሙ። ይስቁባችኋል፤ ይሳቁ። እናንተ ጭብጡን መዝኑና ጻፉ።